ከነአቧራችሁ ግቡ

ሰንበሌጥ በር የሚባለው መንደር እንግዳ ሆኖ የሄደ ሰው፣ ደጃፉ ላይ ጫማውን ሊያራግፍ ጎንበስ ሲል የቤቱ እመቤት ከውስጥ ሮጣ ትወጣለች። «ኧረ ተዉ! ከነአቧራችሁ ግቡ!» ትላለች። ዝናብ እየዘነበ፣ አቧራ የሚባል ነገር በሌለበት ቀን እንኳን ይሄንኑ ነው የሚሉት። እንግዳው ይዞት የገባው አፈርም እሱ ተነስቶ እስኪሄድ ድረስ አይጠረግም። ለምን እንደሆነ ሽማግሌዎቹን ለጠየቀ ሰው የሚነገረው የአንጓች ነገር ነው።

ድሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር ይባላል። መንደሩ የሲራራ ነጋዴ ማለፊያ ስለነበረ ቀይ አቧራ ሳይለብስ የሚመጣ እንግዳ አልነበረም፤ እናም የክብር መጀመሪያው እንግዳን በር ላይ አቁሞ ከራሱ እስከ እግሩ በጭራ ማራገፍ ነበር። እንግዳውን ከነአቧራው ያስገባ ቤት ስሙ ይጠፋ ነበር።

አንጓችም የመጣችው ከነጋዴዎቹ ጋር፣ በቅሎ ላይ፣ ከጭነት መሃል ተቀምጣ ነው። እናቷ መንገድ ላይ ታማ ሞታ ከአንድ ሾላ ስር ቀብረዋት፣ ለልጅቷ የቀረላት የእናቷ ነጠላ ብቻ ነበር። ልጅ ያልነበራቸው እመት ዘነቡ «እኔ ላሳድጋት» ብለው ተቀበሏት። ክፉ ሴት አልነበሩም። በር ላይ አቁመው በጭራው ጠፍ ጠፍ አደረጓት፤ ነጠላውንም ከትከሻዋ አንስተው በእንዶድ አጥበው እንደ ወተት አነጡት። ሲመሽ አንጓች ተከናንባው ስታሸተው እንዶድ እንዶድ ብቻ ሸተታት። የእናቷ ላብ የለም፣ እናቷ የተቀበረችበት መንገድ አፈር የለም። ምንም አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ምንም አላለችም።

የመንደሩ ልጆች መጀመሪያ ሊያጫውቷት ሞክረው ነበር። ዝም ስትል ጊዜ ግን «ዘነቡ ከነጋዴ ድዳ ሸመተች!» እያሉ መሳቅ ጀመሩ። እሷም ሰው ባየች ቁጥር ከምሰሶው ጀርባ ትሸጎጥ ጀመር።

እንደሚነገረው፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ እመት ዘነቡ ጓሮ እያሉ አንዲት ቢራቢሮ በበሩ ገብታ አንጓች ትከሻ ላይ ካለው ከዚያ ነጠላ ላይ አረፈች። እሳት የመሰለች፣ ዳር ዳሯ የጠቆረ ነበረች። ክንፏን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፤ አትሄድም። አንጓች እሷን ብሎ የመጣ እንግዳ አይታ አታውቅም። ለእንግዳ የሚደረገውን ግን ታውቃለች፤ በራሷም ላይ ተደርጓል። ክንፏ ላይ አቧራ ብታይ በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ያዘቻትና፣ እንዳታማት እየሰጋች፣ በነጠላው ጫፍ አንዱን ክንፍ ጥርግ ጥርግ አደረገችላት።

አቧራው ሲለቅ ቀለሙም አብሮ ለቀቀ። ክንፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ የገዛ ጣቷ ከጀርባው ታያት፤ የቀሩት እንደ ጣሪያ ማገር የተዘረጉ ቀጫጭን ጅማቶች ብቻ ነበሩ። ደንግጣ ለቀቀቻት። ቢራቢሮዋ ወደ አንድ ጎን እየተንገዳገደች ደጅ ወጣች፤ ያኔ ነው ካፊያው የመጣው። ባልተነካው ክንፍ ላይ ያረፈው ጠብታ ከቤት ክዳን እንደሚወርድ ውሃ ተንከባሎ ወደቀ። በተጠረገው ላይ ያረፈው ግን ተጣበቀ፤ ክንፉም እንደ ራሰ ቅጠል ጭቃው ላይ ተለጠፈ።

«እመት ዘነቡ!»

እመት ዘነቡ የማን ድምፅ እንደሆነ ሳያውቁ ጎመን እንደያዙ ሮጠው መጡ።

«ምነው ልጄ? ምን ነካሽ?»

«አቧራ መስሎኝ! አቧራ መስሎኝ እኮ ነው ያራገፍኩላት፤ ለካ ክዳኗ ነው!»

ሴትየዋ ጎንበስ ብለው ደህናውን ክንፍ አዩት። ሰንበሌጥ አጭደው ቤት ሲያስከድኑ የኖሩ ናቸውና፣ ያ ዱቄት አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ እንደ ክዳን መደርደሩ ወዲያው ገባቸው ይባላል።

«ወይ ጉድ! ቤቷን ለብሳ ነው ለካ የምትዞረው» አሉ።

«የእናቴም» አለች አንጓች፤ ድምፅዋ ሳይወጣ ከመቆየቱ ብዛት ሻክሯል። «ነጠላው ላይ የነበረውም አቧራ አልነበረም። እሷ ነበረች።»

እመት ዘነቡ ጎመኑን አስቀመጡና ቢራቢሮዋን በቅጠል አንስተው አስገቧት። አንጓች አጠገቧ ተቀምጣ ብትጠብቅም፣ ሲመሽ ቢራቢሮዋ በጎኗ ተኛች፤ አልተነሳችም።

ነጋዴዎቹ ዳግመኛ ሲመጡ መንደሩ ሁሉ ጭራውን ይዞ በየበሩ ቆመ። እመት ዘነቡ ግን ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

«አንቺ ዘነቡ፣ ጭራሽን አይጥ በላው እንዴ?» አለች ጎረቤታቸው።

«ይብላው!» አሉና ወደ ነጋዴዎቹ ዞሩ። «ጌቶቼ፣ ከነአቧራችሁ ግቡ።»

የነጋዴዎቹ መሪ እየተሳቀቀ ገብቶ መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ ሲል፣ ከጋቢው ቀይ አፈር ወለሉ ላይ ረገፈ። አንጓች ከምሰሶው ጀርባ ወጣች። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«በሾላው በኩል ነው የመጣችሁት?»

ሰውየው አወቃት። «አዎ ልጄ። ከስሩ አድረን ነው የመጣነው።»

ተንበርክካ አፈሩን ሰበሰበችና ነጠላው ጫፍ ላይ ቋጠረችው። እመት ዘነቡም አብረዋት ተንበርክከው ለቀሙ። ያን ያዩ ጎረቤቶችም አንድ በአንድ ጭራቸውን ሰቀሉ።

ያ ቋጠሮ አንጓች አርጅታ ስትሞት አብሯት ተቀበረ ይባላል። ዛሬ መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ ሲራራውም ቀርቷል። በሰንበሌጥ በር ግን አንድ ልጅ ቢራቢሮ ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ «ተዋት፣ ከነአቧራዋ ትሂድ!» የሚል ድምፅ ከአንዱ ቤት አይጠፋም። እንግዳዋን የሸኘች ሴትም መጥረጊያዋን አንስታ፣ ወለሉ ላይ የቀረውን የእግር ዱካ ቆም ብላ ታየዋለች፤ ሳትጠርገው መጥረጊያውን መልሳ ከበሩ ኋላ የምታቆምበትም ቀን አለ።