«ሰው ቀርቷል?»

በቁልቋል በር መንደር ቤቱን የሸጠ ሰው ዛሬም ቢሆን በሩን አስረክቦ ብቻ አይሄድም። ዕቃውን ሁሉ አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ ጫማውን ያወልቅና ብቻውን ወደ ባዶው ቤት ይገባል፤ በሩንም ከኋላው ይዘጉበታል። በቀኝ መዳፉ ግድግዳውን እየዳበሰ፣ ጓዳውንም ጥጋጥጉንም ሳይዘል፣ ከበሩ ቀኝ ተነስቶ እስከ በሩ ግራ ይዞራል። ከውጭ ከመንደሩ ሽማግሎች ታላቅ የሆነው በአንድ አሮጌ ጥቁር የወፍጮ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ «ሰው ቀርቷል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ሦስት ጊዜ በገዛ አፉ «አልቀረም» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወጥቶ መዳፉን ያሳያል። መዳፉ ላይ የግድግዳ አፈር ካልታየ ሽያጩ ፈረሰ ማለት ነው። «ከነያዘው» የሚለውም ቃል በዚያ አገር በቤት ሽያጭ ላይ አይነገርም፤ ያመለጠው ሰው አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ይተፋል።

አባቶች እንደሚሉት ይህ ሥርዓት የመጣው በቁጣ ነው፤ ቁጣውም የአንዳርጌ ነበር።

አንዳርጌ ከወንዙ ማዶ የመጣ ገበሬ ነው ይባላል። በግንቦት መጨረሻ ቤቱ ከነእህሉ ተቃጥሎበት ሚስቱን ትርንጎንና አምስት ልጆቹን በዘመድ የጥጆች ጋጣ ውስጥ አስጠግቶ፣ ሰማዩ በየቀኑ ሲጠቁር እያየ ጣራ ይፈልግ ነበር። ከእሳቱ የተረፈው ሀብት አንዲት ዳማ በቅሎ ብቻ ነበረች። በዚያው ሰሞን ጫኔ የሚባል የቁልቋል በር ሰው ቆላ ወርዶ ሚስት አግብቶ፣ ከሚስቱም ጋር መሬት አግኝቶ ኖሮ፣ ቤቱን በበቅሎ እለውጣለሁ ማለቱ ተሰማ። አንዳርጌ ይህን እንደሰማ በቅሎዋን ስቦ መጣ።

ጫኔ እስከ ደጃፉ ወሰደውና ቆመ።

«ገብቼ ልየው» አለ አንዳርጌ።

«ጭስ ነው፤ ዓይንህን ያጠፋብሃል። ከዚሁ ሆነህ እየው።»

አንዳርጌ አንገቱን አስግጎ አየ። የወይራ ምሰሶ አየ፤ ከምሰሶው ወዲያ ትልቅ ጎታ አየ፤ ከጎታው ሥር ደግሞ ጥቁር የወፍጮ ድንጋይ ከነመጁ ተቀምጦ አየ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ድንጋይ የሦስት ቀን መንገድ ተሄዶ የሚመጣ ነውና ዓይኑ እዚያው ቀረ። ከጎታው ኋላ ምን እንዳለ አልጠየቀም።

«ወፍጮውን ትወስደዋለህ?»

«ቤቱን ከነያዘው ነው የምሰጥህ።»

«ከነያዘው?»

«ከነያዘው አልሁህ። አንዲት ነገር አላወጣም።»

ሰውየው ሐሳቡን ሳይለውጥ ብሎ አንዳርጌ ወደ ሾላው ጥላ ተጣደፈ። እማኝ የሚሆኑት ሦስት ሽማግሎች እዚያ ተቀምጠዋል። ጫኔ «ቤቴን ከነያዘው ለውጫለሁ» አለ፤ አንዳርጌም «ከነያዘው ተቀብያለሁ» አለ። ከሽማግሎቹ ታላቅ የሆኑት አባ ጉልላት ቀና ብለው አላዩትም፤ በዘንጋቸው መሬት እየጫሩ «ልጄ፣ ከነያዘው ነው ያልኸው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ ከነያዘው! አባ ጉልላት፣ ጆሮዎ ከበደ እንዴ?»

ዙሪያውን የቆመው የመንደር ሰው ሳቀ። አንዳርጌም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲስቅ ያየው ሰው የለም ይባላል።

በማግሥቱ ጫኔ ገና ጀምበር ስትፈነጥቅ በዳማዋ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ወደ ቆላ ወረደ። አንዳርጌ ቤተሰቡን ይዞ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ጫኔ እንዳለውም አንዲት ነገር አላወጣም፤ የተሰበረ ሞፈር፣ የተሰነጠቀ ጋን፣ ጠፍሩ የላላ አልጋ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ ሁሉም እንደነበረ አለ። አንዳርጌ ወፍጮውን በእጁ እየዳሰሰ ሳለ ልትጠርግ ወደ ጎታው ኋላ የዞረችው ትርንጎ መጥረጊያዋን እንደያዘች ተመለሰች።

«አንተ፣ እዚያ ኋላ ሰው አለ።»

«የምን ሰው?»

«እኔ እንጃ። ‹ጫኔ፣ ዛሬ ስንት እግር ነው የገባው?› አለችኝ።»

አንዳርጌ ዞሮ አየ። ቁርበት ላይ ሁለቱም ዓይኖቿ የነጡ፣ ከአጥንቷ በቀር ምንም የሌላት አሮጊት ተቀምጣለች። ከጎኗ አንድ ቅል ውሃና በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ አለ። ቋጠሮውን በዓይኑ ገመተው፤ ቢበዛ የሦስት ቀን ቆሎ ነው።

«እናቴ፣ ማን ነዎት?»

«አንተስ ማነህ? ሰው ቤት ገብቶ ማን ነሽ ይባላል እንዴ?»

«ስምዎን ነው የምጠይቅዎ።»

«አልጣሽ እባላለሁ።»

«የጫኔ ምኑ ነዎት?»

«ምኑ ልሆን፤ የወለድሁት ነኛ! ገበያ ወርዷል። ጉዳይ ካለህ ቁጭ ብለህ ጠብቀው።»

አንዳርጌ ወጥቶ እየሮጠ ወደ ሾላው ሄደ፤ ሽማግሎቹ በተቀመጡበት አገኛቸው።

«ታውቁ ነበር!» አለ።

ሁለቱ ፊታቸውን አዞሩ። አባ ጉልላት «ጠይቄህ ነበር» አሉ። «በጆሮዬ ግን ሳቅህ።»

«ሰው ዕቃ ነው እንዴ፣ ‹ከነያዘው› የሚባለው?»

«እኛ የመሰከርነው ለሰማነው ቃል ነው። ቤቱን ካልፈለግኸው በቅሎህን እናስመልስልህ። ከፈለግኸው ደግሞ ቤቱ ያንተ ነው፤ በቤትህ ማንን እንደምታስቀምጥ፣ ማንን እንደምታስወጣ አንተ ታውቃለህ። እሷንም ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያደርስ አይጠፋም።»

አንዳርጌ የሚሉት ገባው። ሽያጩን ቢያፈርስ ልጆቹ በዝናብ ወደ ጥጆች ጋጣ ሊመለሱ ነው፤ አሮጊቷም በባዶ ቤት ከሦስት ቀን ቆሎ ጋር ልትቀር። ቢያጸናው ደግሞ ወይ በእጁ አውጥቶ ሊጥላት፣ ወይ ወንድ ልጅ ወልዳ ያሳደገችን ሴት እንደ ተሰበረ ሞፈር ሊወርሳት። በጫኔ ተናደደ፤ በእነሱም ተናደደ፤ ከሁሉ የባሰው ግን ወፍጮ አይቶ በቸኮለው በራሱ አፍ መናደዱ ነበር።

«እናንተ ሽማግሎች አይደላችሁም» አላቸው። «ያረጃችሁ ናችሁ እንጂ።»

ይህ ስድብ በቁልቋል በር እስከ ዛሬ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረም። በሩ ላይ ተቀምጦ አሮጊቷን ያያታል። እሷ ከቁርበቷ ትነሳና ቀኝ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቤቱን ትዞራለች፤ ውሃ ስትፈልግም፣ ፀሐይ ስትፈልግም፣ ወደ በሩ ስትመጣም መንገዷ ግድግዳው ነው። ከብዙ ዓመት መዳበስ የተነሳ በወገብ ቁመት ልክ ቤቱን ዙሪያውን የሚሄድ አንድ ስንዝር የሚያህል መስመር ለስልሶ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ተወለወለ ቆዳ ያበራ ነበር። ጀምበር ባዘቀዘቀች ቁጥር በሩ ጋ ትደርስና «ገበያው ዛሬም አልተፈታም?» ትላለች። ማንም አይመልስላትም፤ ተመልሳ ትሄዳለች።

በአራተኛው ቀን ትርንጎ ክረምት ሳይገባ ግድግዳውን ልትመርግ ጭቃ አቦካች። መስመሩ ጋ ስትደርስ አንዳርጌ «እጅሽን አንሺ!» ብሎ ጮኸባት። ከአራት ቀን በኋላ የተናገረው የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው ይባላል። «ከላይም ከታችም ምረጊ። መንገዷን ግን እንዳትነኪ።»

ጭቃው ሳይደርቅ በትሩን ይዞ ቆላ ወረደ።

ጫኔን ያገኘው በዳማዋ በቅሎ ላይ ተኮፍሶ ወደ አማቾቹ ድግስ ሲሄድ ነው። አንዳርጌ ከመንገድ ዳር ወጥቶ ልጓሙን ያዘ። በቅሎዋ የድሮ ጌታዋን አውቃ አፍንጫዋን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ምን ፈለግህ?» አለ ጫኔ። «ሽያጩ አልቋል።»

«በቅሎዬን ልወስድ ነው።»

«እህ! እንግዲያማ ልውረድልህ።»

«የለም» አለና አንዳርጌ በትሩን በጫኔ ጭን ላይ አጋደመው። «ከነያዘችው ነው የምወስዳት።»

አብሮት ወደ ድግሱ ይሄድ የነበረው ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ጫኔ «ያዙልኝ! እብድ ነው!» ብሎ ሲጮህ አንድ ሽማግሌ «ምን አድርጎህ ነው?» ብለው አንዳርጌን ጠየቁት። አንዳርጌ በሁለት ቃል ነገራቸው። ሽማግሌው የጫኔን ሚስት ዘመዶች ዞረው አዩ፤ ዘመዶቿ ደግሞ መሬት መሬቱን አዩ። ማንም አልያዘለትም። እንዲህ ሆኖ ጫኔ በቅሎ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ እንደ ሙሽራ እየተሳበ፣ ዳገቱን ቀኑን ሙሉ ወጣ ይባላል።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቁልቋል በር ደረሱ። በቅሎዋ ላይ የተቀመጠውን ያየ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ተከተለ፤ ሦስቱ ሽማግሎችም መጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙ። አንዳርጌ ጫኔን አውርዶ በሩ ፊት አቆመውና ወደ ቤት ገባ። የተሰበረውን ሞፈር አውጥቶ እግሩ ሥር ጣለለት። ጋኑን አወጣ። አልጋውን አወጣ። የአንድ እግር ጫማውን ወርውሮ ደረቱን መታው። ጎታውን ከትርንጎ ጋር እየገፋ አወጣ። መጨረሻ ላይ ወፍጮውን ብቻውን ተሸክሞ ወጣና ጣለው።

«ይኸውልህ ወፍጮህ» አለው። «እናትህን ዕድሜ ነው ያሳወራት፤ እኔን ያሳወረኝ ይኼ ነው። አሁን ንገረኝ፤ ምን ቀረ?»

ጫኔ የተጣለውን ዕቃ በዓይኑ ቆጠረ።

«ምን ቀረ ነው የምልህ!»

«ዕቃ አልቀረም» አለ ጫኔ፣ ቀስ ብሎ።

«ሰውስ? ሰው ቀርቷል?»

ጫኔ ፊቱን ወደ መጣበት ቁልቁለት አዞረ። ከባዶው ቤት ውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ።

«አልቀረም» አለች አልጣሽ። «ሰው አልቀረም።»

ይህን ያለችበትን ምክንያት አባቶችም አይስማሙበትም። እኩሌቶቹ ልጇን ከውርደት ለማዳን ራሷን ከሰው ቁጥር አወጣች ይላሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ ያለችው ስለ ራሷ አይደለም፣ ደጅ ከቆሙት መካከል ሰው የሚባል የለም ማለቷ ነው ይላሉ። ልጅ ያለው ሰው የመሰለውን ይመን።

ጫኔ ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ። ከቤቱ መካከል ምሰሶው ጋ ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ «እማ» ግን አላለም። አልጣሽ ድምፁን እየጠበቀች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ግድግዳዋን ይዛ፣ በተዘረጋው እጅ አጠገብ አልፋ፣ ዞራ ቁርበቷ ላይ ተቀመጠች። ጫኔ ወጣ። በቅሎዋን ሳይጠይቅ፣ ዕቃውንም ሳያነሳ በእግሩ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያም በዳገቱ አልታየም።

አባ ጉልላት «ልጄ፣ እንግዲህ…» ብለው ሊናገሩ ሲሉ አንዳርጌ አቋረጣቸው።

«ከነያዘው ተቀብያለሁ ብዬ ነበር፤ አሁንም ተቀብያለሁ። እናቴ ናት። እናንተ ግን የዚህን ቤት ደጅ አትረግጡም። ሌላ ቤት ሲሸጥም ከዛሬ ወዲያ ቁጭ ብላችሁ መሬት አትጭሩም። ትቆማላችሁ፤ ጮኻችሁ ትጠይቃላችሁ። ሻጩም በእጁ ዳብሶ፣ በገዛ አፉ ይመልስ። ሁለተኛ የተተወ ሰው በሻጩ ፈንታ አይመልስ።»

አባ ጉልላት ያን ቀን በዘንጋቸው ተደግፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቤት ሲሸጥ ግን ሳይጠሩ መጡ፤ አንዳርጌ ዳግም አልነካውምና ደጅ ወድቆ የነበረውን ያን ወፍጮ አንከባልለው፣ እላዩ ላይ ወጥተው ጮኸው ጠየቁ።

አልጣሽ በዚያ ቤት ሰባት ክረምት ኖረች። ስለ ገበያው ሁለተኛ አልጠየቀችም። አንዳርጌ ከሽማግሎቹ ጋር እስከ ዕለተ ሞቱ ሳይታረቅ ቀረ፤ ቤቱም ከጊዜ ብዛት ፈረሰ። የቁልቋል በር ሴቶች ግን አዲስ ቤት ሲመርጉ በወገብ ቁመት ልክ አንድ ስንዝር መስመር ለይተው በመዳፋቸው እያሹ ያለሰልሱታል፤ ስሙም የአልጣሽ መንገድ ነው።

በቅርቡ ከከተማ መጥቶ የነበረ አንድ ነጋዴ የቆርቆሮ ቤቱን ሸጦ ሊሄድ ሲል ጫማህን አውልቀህ ግባ አሉት። «ዕቃውን ሁሉ መኪና ላይ ጫንሁ እኮ!» አለ እየሳቀ። «ደግሞ ሰው ምን ብሎ ይቀራል?»

ወፍጮው ላይ የቆሙት ሽማግሌ አልሳቁም።

«ቀርቶ ያውቃል» አሉት። «ግባ።»