ፈጣኑ ፕሮሰሰር እና አቶ ሽብሩ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ላም የለችም። «የሽቦ በረት» በሉኝ።

አዳማ ውስጥ አቶ ሽብሩ የሚባሉ የታክሲ ሹፌር ነበሩ። ስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን አስቆረጣቸው። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብለው ግድግዳ ያያሉ። አንጀት ይበላሉ። አንድ ቀን ልጃቸውን ትርንጎን፣ «ልጄ፣ አንዴ ብቻ መሪ ብይዝ» አሏት። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ትርንጎ ነዳጁም ፍሬኑም በእጅ የሆነ፣ ለኮምፒውተር የመኪና ጌም የሚሆን መሪ ገዛች። ጌሙ ግን፣ «ለኮምፒውተሩ ጥሩ አንጎል፣ ጥሩ ፕሮሰሰር ካላመጣሽ ለመሪው አልታዘዝም» አላት። ጌሙ ለመሪው አልታዘዝ አለ፣ አቶ ሽብሩም ግድግዳ ያያሉ።

ትርንጎ ወደ ኮምፒውተር መሸጫው ሮጠች፤ ከሁሉ ፈጣኑን ፕሮሰሰር መረጠች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፕሮሰሰሩም ኮራ ብሎ፣ «በልኬ የተሠራ ማዘርቦርድ ካላመጣሽ አልቀመጥም» አለ። ፕሮሰሰሩ አልቀመጥ አለ፣ ጌሙ ለመሪው አልታዘዝ አለ፣ አቶ ሽብሩም ግድግዳ ያያሉ።

ማዘርቦርዱን አመጣች። «ጉልበተኛ ፓወር ሰፕላይ ካላመጣሽ ይሄን ኩሩ አልሸከምም» አለ። ማዘርቦርዱ አልሸከም አለ፣ ፕሮሰሰሩ አልቀመጥ አለ፣ ጌሙ ለመሪው አልታዘዝ አለ፣ አቶ ሽብሩም ግድግዳ ያያሉ።

ፓወር ሰፕላዩን አመጣች። «ማራገቢያ ካላመጣሽ ኤሌክትሪክ አልሰጥም፤ ተቃጥለን እንቅር?» አለ። ማራገቢያውን አመጣች። እሱ ደግሞ፣ «ኧረ ይሄ ፕሮሰሰር እሳት ነው! እኔ አልችለውም። ለመሆኑ ይሄን ያህል የሚበረው ማነው?» አላት።

ማራገቢያው አልችል አለ፣ ፓወር ሰፕላዩ አልሰጥ አለ፣ ማዘርቦርዱ አልሸከም አለ፣ ፕሮሰሰሩ አልቀመጥ አለ፣ ጌሙ ለመሪው አልታዘዝ አለ፣ አቶ ሽብሩም ግድግዳ ያያሉ።

ትርንጎ አፈረች። ሁሉን ስትለምን ከርማ አባቷን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም። ቤት ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ በጣም መፍጠን ነው የሚያምርህ?»

«እኔ?» አሉ አቶ ሽብሩ። «ሰው ጭኜ? ሠላሳ ዓመት ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት። አንድም ሰው አልጣልኩም።»

ትርንጎ ፈጣኑን መልሳ መካከለኛውን ፕሮሰሰር ወሰደች። ማራገቢያው «ይሄንንስ እችለዋለሁ» አለ። ማራገቢያው ቻለ፣ ፓወር ሰፕላዩ ሰጠ፣ ማዘርቦርዱ ተሸከመ፣ ፕሮሰሰሩ ተቀመጠ፣ ጌሙ ለመሪው ታዘዘ፣ አቶ ሽብሩም ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቀስ ብለው ነዱ። ትርንጎ ከኋላቸው ቆማ፣ እንደ ተሳፋሪ፣ «ወራጅ አለ!» አለች።

አቶ ሽብሩ መስታወት አዩ፣ ዳር ያዙ፣ አቆሙ።

«ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ልጄ» አሏት። ተረቴም አብራት ወረደች።