የአንማው መመለሻ

ከተልባ ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ታንኳ የሚታሰርበት ረጅሙ የውኃ ሣር፣ ደንገሉ፣ ተከፍሎ አሸዋው በሚታይበት በኩል፣ የአንማው መመለሻ የሚባል የታንኳ ወደብ አለ። የሐይቁ ዳር ሰዎች በመስቀል ማግስት መረባቸውን ሰቅለው፣ ሥራ የሚባል ሳይነኩ፣ ጠላና ዳቧቸውን ይዘው የሚሰበሰቡት እዚህ ነው። ትግል አለ፣ ዋና አለ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የታንኳ እሽቅድድም አለ። እሽቅድድሙን መጀመሪያ ጊዜ ያየ እንግዳ ግን ግራ ይገባዋል፤ ፊተኛው ታንኳ ወደ ወደቡ ሲቃረብ እልል የሚል የለም፣ የሚያጨበጭብ የለም፣ ከበሮ መቺው እንኳ መዳፉን ከበሮው ላይ አሳርፎ ዝም ይላል። አሸናፊውም አሸዋውን በታንኳው አፍንጫ ነካ አድርጎ፣ ሳይወርድ ፊቱን አዙሮ ወደ መጣበት ይቀዝፋል፤ ከሁሉ ኋላ የቀረውን አግኝቶ ጎን ለጎን ይዞት ይመለሳል። እልልታው የሚቀልጠው የመጨረሻው ሰው እግሩ መሬት ሲረግጥ ነው።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን አንማው የሚባል ታንኳ ሠሪ ነበር። እናትና አባቱን በአንድ ክረምት በንዳድ ያጣ፣ መሬት የሌለው፣ በሰው ጎተራ ሥር እየተኛ ያደገ ሰው ነው። ብዙ አይናገርም። እጁ ግን ሥራ ያውቅ ነበር፤ እሱ ያሰረው ታንኳ ሰው ከነበሬው ቢጫንበት አይላላም ይባላል። ችግሩ ደንገል የሚያጭድበት የራሱ ቦታ አልነበረውም፤ በሰው ደንገል የሰው ታንኳ እየሠራ፣ በሰጡት እህል ያድራል። የእሽቅድድሙ ሽልማት ደግሞ ያን ጊዜ ይህ ነበር፤ ያሸነፈ ሰው ከሐይቁ ዳር የወደደውን የደንገል ቦታ ከሁሉ ቀድሞ ይመርጣል፣ ከዚያም በኋላ ቦታው የቤቱ ይሆናል። ባለመሬቶቹ ለክብር ይቀዝፋሉ። አንማው የሚቀዝፈው ከጎተራው ሥር ለመውጣት ነበር።

ሁለት ዓመት ሞክሮ ሁለት ዓመት ተሸነፈ፤ የተሸነፈውም በጉልበት አይደለም። በሐይቁ ዳር ከጥንት የነበረ ሕግ አለ፤ ውኃ ላይ «ሰጠምሁ» ብሎ የተጣራን ሰው የሰማ መመለስ አለበት። ቀልደኞቹ ይህን ሕግ ለጨዋታው ማጣፈጫ አደረጉት። ከኋላ ያለው ይጮኻል፣ ከፊት ያለው ደንግጦ ሲዞር፣ ጯሂው እየሳቀ ያልፈዋል፤ ዳር ያለው ሰው ሆዱን ይዞ ይንከባለላል። የዚህ ጨዋታ ዋናው ደግሞ ባይለየኝ ነበር፤ የወይዘሮ እታገኝ አንድ ልጅ፣ ለአንማው ጎተራ ሥር ትኩስ ቂጣ እየደበቀ የሚያመጣለት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረ አንድ ጓደኛው። ሁለቱንም ዓመት ያታለለው እሱ ነው። ሁለቱንም ዓመት አንማው ዞረ። ልጃገረዶቹም ግጥም አወጡለት፦

«ጠሪው ሳቀበት ሲመለስ አይቶ፣
አንማው አደረ ደግነት በልቶ።»

ዓመቱን ሙሉ ውኃ ሲቀዱ ይህን ይሉታል። አንማው አቀርቅሮ ታንኳውን ያስራል።

ሦስተኛው መስቀል ሲቃረብ ባይለየኝ አዲስ ታንኳ እንዲሠራለት ወደ እሱ መጣ። ታንኳው ተሠርቶ ሊያልቅ ሲል ዞር ዞር ብሎ አየውና ከበደኝ አለ። ከሆዱ አንዱን የደንገል እስር እንዲያወጣለት ለመነው።

«ከሳሳ ውኃ ይጠጣል» አለ አንማው።

«አንተው ደግሞ። አንድ ዙር ነው እኮ፤ ጠጥቶ ሳይጨርስ እኔ ደርሼ ጠላዬን እጠጣለሁ።»

«በኋላ አንማው ነው የሠራው እንዳይሉኝ።»

«ስታሸንፈኝ አንማው ነው የሠራው እላቸዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

አንማው እስሩን አወጣለት። በገዛ እጁ ፈቶ፣ በገዛ እጁ መልሶ አጠበቀው። ይህን ከሁለቱ በቀር ያወቀ አልነበረም።

በዕለቱ ሰባት ታንኳዎች ወጡ። ሾላ የበቀለባትን ደሴት ዞረው ሲመለሱ አንማው ከፊት፣ ባይለየኝ እሱን ተከትሎ፣ ሌሎቹ ገና ከደሴቷ ጀርባ ነበሩ። ወደቡ መታየት ሲጀምር ከኋላው ያ የሚያውቀው ድምፅ መጣ፤ «አንማው፣ ሰጠምሁ!» አለ። ዳር ያለው ሕዝብ ጠሪው ገና ሳይጨርስ ሳቁን ለቀቀው። አንማው ጥርሱን ነከሰ። ዘንድሮ አይዞርም፤ ይህን ለራሱ ምሎ ነበር የወጣው። ድምፁ ሁለተኛ መጣ፣ አሁን ስሙን ብቻ ነው የጠራው። መቅዘፊያው እጁ ላይ አንድ ጊዜ ቆመ ይባላል። ወዲያው ግን ከዳር ልጃገረዶቹ ግጥሟን አነሷት፣ እሷን ሲሰማ ውኃውን እንደ ጠላት መታው። ሦስተኛው ጥሪ ቃል አልነበረውም። ያንንም ሰማው። ከዚያ እልልታው ከወደቡ ፈንድቶ ሐይቁን ሸፈነው፣ ሌላ የሚሰማ ነገር አልቀረም።

አሸዋውን ሲረግጥ ትከሻ ላይ አወጡት። ከዚያ ቀን በፊት ሲስቅ ያየው ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ሳቀ። አያ ጫኔ የሚባሉት የጨዋታው ዳኛ የደረሱትን ታንኳዎች ቢቆጥሩ ስድስት ሆኑባቸው። ባይለየኝ የት ቀረ ተባለ፤ ከኋላ የመጡትም በመንገድ አላየነውም አሉ። ያው ነው፣ ተሸንፎ አፍሮ ደንገል ውስጥ ተደብቋል ተባለ። እናቱ ራሷ፣ ተውት፣ ሲርበው ይወጣል ብላ ሰውን አሳቀች፤ ጭፈራውም ቀጠለ። አንማው መሐል ገብቶ እስክስታ ወረደ። ስንት ዙር እንደ ተጨፈረ ዛሬ የሚናገር የለም፤ ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ።

ታንኳውን መጀመሪያ ያየው አንማው ነበር። ነፋሱ ገፍቶ ያመጣው ነው፤ አፍንጫው ብቻ ከውኃ በላይ፣ ሆዱ እንደ ረጠበ ጭድ ከብዶ፣ ሰው የሌለበት። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳለ በዚያው ደርቆ ቀረ። ከጎኑ ያለው እሱ ወዳየበት አየ፣ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ፤ እልልታው በአንድ ጊዜ አልቆመም፣ ከአንዱ ጫፍ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ አንዲት ምንም ያላየች ሴት ብቻዋን እልል ስትል ተሰማ። እሷም ዝም አለች።

አንማው ማንንም ሳይጠብቅ የራሱ ታንኳ ላይ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ተመለሰ። ወደቡ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው ይባላል። ሁለት ቀን ሙሉ ከውኃ አልወረደም፤ ሌሎቹ መረብ ይዘው ቢከተሉትም ወደ ማንም ዞሮ አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ባይለየኝን አገኘው። አቅፎ አምጥቶ እናቱ እግር ሥር አስተኛውና ራሱም እዚያው ተንበረከከ፤ ሰው ሁሉ ፊቷን ትነጫለች፣ ወይም ትረግመዋለች ብሎ ጠበቀ። ወይዘሮ እታገኝ ግን አላለቀሰችም። የልጇን እርጥብ ፀጉር በነጠላዋ እያደረቀች ጠየቀችው።

«ጠርቶህ ነበር?»

«ጠርቶኛል።»

«ሰምተኸው ነበር?»

«ሦስቱንም ሰምቻለሁ። ታንኳውንም እኔ ነኝ ያሳሳሁት፣ ከሆዱ አንድ እስር አውጥቼ።»

ዳር የቆሙት አጉረመረሙ፤ ከኋላ ድንጋይ ያነሳ ሰው እንደ ነበረም ይነገራል። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም።

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች። «የልጄ ድምፅ ሦስተኛው ላይ ሲለወጥ ሰማሁት። ሰምቼ እልል አልሁ።»

ከዚህ በኋላ ድንጋይ ያነሳው ሰው ድንጋዩን ማንም ሳያየው አስቀመጠው። ሁሉም ሰምቶ ነበርና።

አርባው ወጥቶ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ፣ ጨዋታው ለዘለዓለም ይቅር ያለ ብዙ ነበር፤ አንማው አገር ጥሎ ይሂድ ያለም ነበር። አንማው ጎተራው ሥር ያለችውን አንዲት ቁርበቱን ጠቅልሎ ፍርዱን ይጠብቅ ነበር ይባላል። ወይዘሮ እታገኝ ተነሥታ፣ ልጄ የወደደውን ጨዋታ አታጥፉብኝ፣ ጨዋታው አልገደለውም አለቻቸው። ቀልዱንም አትከልክሉ፣ ግን ለጮኸ ሁሉ ይዙሩለት፤ ለቀልድ የዞረ አይሰደብ። የመጨረሻው ሰው ሳይወርድ ደግሞ አፉን የሚከፍት አይኑር። አንማውን በተመለከተ ያለችው አጭር ነው፤ ከእኔ ጋር የሰማ ሰው ነው፣ የት ትሰዱታላችሁ አለች። የደንገሉን ቦታ ግን አንማው አልመረጠም። ዓመቱን ሙሉ ቦታው ሳይነካ ቆመ።

በቀጣዩ መስቀል ማንም ታንኳ ሊያወጣ አልደፈረም። አንማው ብቻውን ውኃው ላይ ወጣ፤ እሱን አይቶ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው ተከተለው። አሁንም ቀድሞ ደረሰ። ወደቡ በሰው ሞልቶ ድምፅ የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ አሸዋውን ነካና፣ ሳይወርድ፣ ማንም ሳያዘው ዞረ። የመጨረሻው አያ ጫኔ ነበሩ፤ ሰው ያንሳል ብለው በእርጅናቸው የወጡ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ክንዳቸው ዝሎ የቆሙ። ጎን ለጎን ይዟቸው ሲመጣ፣ ሽማግሌው እግራቸውን አሸዋው ላይ ሲያሳርፉ፣ ሕዝቡ መጮህ ይቻል አይቻል ሳያውቅ ተፋጥጦ ቀረ። በዚያ ጊዜ ወይዘሮ እታገኝ ብቻዋን፣ በተሰበረ ድምፅ፣ እልል አለች። ከዚያ ማጭዷን ከወገቧ አውጥታ ደንገሉ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ የመጀመሪያውን እስር ራሷ አጭዳ አንማው ፊት ጣለችው፤ ቦታህ ነው፣ ቤትህን ሥራ አለችው። ቤቱም በዚያው ተሠራ፤ ዘሮቹ ዛሬም ከዚያ ደንገል ታንኳ ያስራሉ፣ ከሆዱ እስር አውጡልን የሚላቸውንም አይቀበሉም።

ዛሬም በመስቀል ማግስት ፊተኛው ታንኳ ሲቀርብ ሺህ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ አልፎ አልፎ ዝምታው ይከብደውና፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው ብሎ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። መልሱ በሹክሹክታ ነው፤ የተጠየቀውም ዓይኑን ከውኃው ላይ አያነሳም።

«እየሰማን ነው።»