ከቀዩ ችካል ወዲህ

ወገኖቼ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሥልጣን ሲያልቅ፣ ከዚያ ወዲህ የምትተኛውን ልጅ ማን ይጠብቃታል? ስንት ጊዜ አሰብኩት፤ መልሱን አላገኘሁትም። እስቲ አብራችሁኝ እንድታስቡት የአንዲት ሴትን ነገር ልንገራችሁ።

ሴትየዋ የምትኖረው ወንዝ ዳር ነው። ልጇ ለሥራ ርቃ ስለሄደች የልጅ ልጇን ሶስናን የምታሳድገው እሷ ናት። ቤታቸው አንድ ክፍል፣ የጭቃ ቤት ነው። ሽብሩ የሚባል ጎረቤቷ ደግሞ ከወንዙ ጠጠር እያወጣ ይሸጣል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ! ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ ከጸሎት የማይቀር ሰው ነው። ግን ጠጠሩ ሲቆፈር ወንዙ ደፈረሰ፤ ለልጅ የማይሰጥ ውሃ ሆነ።

ምን አደረገች? ውሃ ቢሮ ሄደች። ትርሲት የምትባል ወጣት ባለሙያ መጣች፤ ወንዙን አየች፤ ከዳርቻው ራቅ አድርጋ ቀይ ቀለም የተቀቡ ችካሎች አስተከለች። «ጋሽ ሽብሩ፣ ከችካሉ ወደ ወንዙ አንዲት ጠጠር እንዳይነኩ» አለችው። እሺ አለ። እሺ ብሎም አልቀረም፣ አደረገው።

ውሃው ጠራ። እልል ነው እንግዲህ!

ቆይ፣ እልልታውን ያዙልኝ። ቁፋሮው የት ሄደ? ወንዙ ሲከለከል ሽብሩ ወደ ደረቁ መሬት ወጣዋ! ደረቁ መሬት ደግሞ ከሴትየዋ ጓሮ ጋር ይዋሰናል። ሾፌር ቀጥሮ የሚያስነዳው ገልባጭ መኪና ጠጠር ጭኖ በግድግዳዋ ሥር ማለፍ ጀመረ። ባለፈ ቁጥር ቤቱ ይንቀጠቀጣል። በሶስና አልጋ በኩል ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ልጅቷን ለምን አላነሳቻትም እንዳትሉኝ፤ እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱን ነው። ወደ በሩ ብታስጠጋት ብርዱ አሳላት። መለሰቻት። ደግሞ ፈርታ አነሳቻት። እንቅልፍ የሚባል የላትም።

ትርሲትን እንደገና ጠራቻት። መንግሥት አንድ ሰው ይመስላታል፤ ለአንዱ ከነገሩት ሁሉም የሰማ ይመስላታል። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምናስብ?

«እማማ፣ ውሃው ጠራልዎት?» አለች ትርሲት።

«ጠራ፣ ተባረኪ። ግድግዳዬስ?»

«ግድግዳ እኮ ውሃ አይደለም፣ እማማ።»

«እሱንማ አየሁት፤ ውሃ ቢሆን መች ይሰነጠቅ ነበር!»

ትርሲት ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «የእኔ ሥልጣን ወንዙ ላይ ነው። ወንዙን ከጎዳ አስቆመዋለሁ። መሬት ሲያናውጥ፣ አቧራ ሲያነሳ ግን ላስቆመው አልችልም። የቁፋሮ ፈቃድ የሰጡት ጋ ይሂዱ።»

«ሄጃለሁ። በተፈቀደለት ቦታ ነው የሚቆፍረው አሉኝ። በይ ሥልጣንሽ የሚያልቅበትን ቦታ አሳዪኝ።»

አያችሁ ጥያቄዋን? ቁጣ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። ትርሲትም ይዛት ወረደችና ቀዩ ችካል አጠገብ ቆመች። «እስከዚህ ነው» አለች።

«ከዚህ ወዲህ ያለውስ የማን ነው?»

ትርሲት ችካሉን አየች፣ ቤቱን አየች። «ከዚህ ወዲህማ… የጎረቤታሞቹ ነው፣ እማማ።»

በዚያው ሰሞን የጎረቤታሞቹ የቤት ለቤት ጸሎት ተራ ለሴትየዋ ደረሰ። መቼም እንግዳ ኖር ተብሎ የተሰጠውን ቦታ እምቢ አይልም። ሽብሩ ሲገባ የሶስናን አልጋ አሳየችው፤ ራስጌውን፣ ከስንጥቁ ሥር።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ በሩ ጋ ይበቃኛል!»

«አይሆንም። ካለኝ ቦታ የሚሻለው እሱ ነው።»

ተቀመጠ። ቀና ብሎ ስንጥቁን አየው። «እኔ እኮ ከወንዙ ውጣ ተባልኩ፣ ወጣሁ። የተከለከልኩትን አልነካሁም» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«እውነትህን ነው። በል ጸሎቱን አንተ ጀምርልን።»

መዳፎቹን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ቤት ጠብቅ…» ሲል መኪናው መጣ። የራሱ መኪና! ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከስንጥቁ አፈርና ጭድ በራሱ ላይ፣ በተዘረጉት መዳፎቹ ላይ ረገፈ።

ሶስና ከአያቷ ጉያ ብቅ ብላ፣ «አይዞህ፣ አሁን ያልፋል» አለችው።

እስቲ እናንተን ልጠይቅ፣ ወገኖቼ። የእናንተ ቀይ ችካል የት ነው የተተከለው? አልተከለከልኩም ብላችሁ የምትጭኑት በማን ግድግዳ ሥር ያልፋል? ከግቢያችሁ የለቀቃችሁት ፍሳሽ ማን ደጅ ይተኛል? የሰርጋችሁ ድምፅ ማጉያ የማንን በሽተኛ ይቀሰቅሳል? ከሳሽ የላችሁም፤ ምናልባትም አይኖራችሁም። ትርሲት የቻለችውን አደረገች፤ በእሷ አልፈርድም። የቀረው ግን ለእኛ የተተወ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምለው። ለጎረቤት ማሰብ ችካል ያለው ነገር ነው እንዴ?

ሽብሩስ ምን አለ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። አሜን አላለም። ልብሱን አላራገፈም። የወረደበትን አፈር እንደጨበጠ ተነሳ፤ ልጅቷን አያት፤ በሩን ከፍቶ፣ ወደ ቤቱ በሚወስደው ሳይሆን መኪናው በሄደበት መንገድ ወጣ።