የቦራና የዳልቻ ቅንጃ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

የለም፣ ላሚቱ ዛሬ ትረፍ። «የበሬ በረት» በሉኝ።

«የበሬ በረት!»

እሰይ! ጠጋ ጠጋ በሉ እንግዲህ።

በድሮ ዘመን፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ሦስት ልጆችና አንድ በሬ ነበሯት። በሬው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ቢተው የሚባለው ጎረቤቷም ዳልቻ የሚሉት አንድ በሬ ብቻ ነበረው። እናም ተቀናጁ። ሁለቱን በሬዎች ባንድ ቀንበር ይጠምዱና ሁለት ቀን የእሷ ማሳ፣ ሁለት ቀን የእሱ ማሳ ይታረሳል። አራሹ ቢተው ነው። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

አንድ ቀን ታዲያ ቦራ ከእርሻ ሲመለስ ዘርፌ ጫንቃውን ብታየው ቀንበር ልጦታል። በሳምንቱ ባሰበት። ሄዳ ዳልቻን ብታይ ጭረት እንኳ የለበትም። ደሟ ፈላ። ዘርፌ ምላሷ ክፉ ነበር፤ ብወዳትም አልሸፍንላትም። እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጠብቃ፦

«አንተ ቢተው! ባል የላትም ብለህ ነው የራስህን በሬ እያሳረፍክ የእኔን የምትገድለው?» አለችው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

ቢተው ጋቢውን አጣፋ። ከዚያም፦ «እንግዲያው ቅንጃችን ፈርሷል» ብሎ ሄደ።

ሐምሌ ገባ። አገር ሁሉ ሲያርስ የሁለቱ ማሳ ጦሙን አደረ። ዘርፌ የሰው በሬ ለምና ከቦራ ጋር ብታስጠምድ ቦራ አልንቀሳቀስ አለ። ቢመቱት ቆመ፤ ቢያባብሉት ቆመ። የጤፍ መዝሪያው ሊያልፍ ስምንት ቀን ቀረው። ልጆቿን እያየች፦ «ዘንድሮ ምን ላበላችሁ ነው?» ትላለች። ቢተው ደጅ ግን አልሄድም አለች። ትዕቢት!

አንድ ማለዳ በረቱን ብታይ ባዶ ነው። «ሰረቀኝ!» ብላ ሮጠች። ማሳዋ ዳር ስትደርስ ቢተው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ድንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«በሬዬን አምጣ!»

«ዝም በይ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «እይ።»

አየች። ልጆቼ፣ እኔ አልነበርኩም፤ ሳወራው ግን ዛሬም ሰውነቴን ይነዝረኛል። ሁለቱ በሬዎች አንገታቸውን ደፍተው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ቀንበር የለ፣ ሞፈር የለ፣ ጅራፍ የለ። ማሳው ጫፍ ሲደርሱ አብረው ይዞሩና ይመለሳሉ። መሬቱ አይታረስም፤ እነሱ ግን ያርሳሉ።

ከዚያም የዳልቻ የኋላ እግር ከዳው። ተንገዳገደ። ቦራ ቆመ። ጠጋ አለና ጎኑን አስደገፈው። ዳልቻ ሲጠና እንደገና ተራመዱ።

«እግሩን ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ዘርፌ።

ቢተው አለቀሰ። «ከአምና ጀምሮ። ዳልቻ ሲደክም ቦራ ቀድሞ ይገፋለታል፤ ሸክሙን ወደ ራሱ ያደርገዋል። ስንት ጊዜ ያዝኩት! አልመለስ አለኝ። ብነግርሽ ደህና በሬ ፈልገሽ ትተይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እኔም ልጆች አሉኝ እትዬ።»

ዘርፌ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። በገዛ አፏ አፈረች። ነግሯት ቢሆን ኖሮ በእርግጥም ትተወው ነበር፤ ይህንንም ታውቀዋለች።

«ማን አስተማረው?» አለች ቦራን እያየች።

ቢተው እጇን ይዞ ከጭቃው አነሳት።

«ማረኝ ወንድሜ» አለችው።

«አንቺም ማሪኝ።»

ቀንበሩ መጣ። ሲጠመድ ዘርፌ መቀነቷን አጠበቀችና በዳልቻ በኩል ገብታ የቀንበሩን ጫፍ በትከሻዋ ተሸከመች።

«እትዬ! ምን ነካሽ? ሰው ይስቅብሻል!»

«ይሳቅ! ንዳ!»

ቢተው ነዳ። የአገሩ ገበሬ እርሻውን አቁሞ ያያል፤ አንድም የሳቀ የለም። ሴቲቱ በአንድ ወገን፣ ቦራ በሌላው፣ ዳልቻ በመካከል ሆነው ትልሙ ተሰነጠቀ። ያን ቀን ቦራ ቀድሞ አልገፋም። ዞር ብሎ አያትና እኩል ሄደ።

እኔ ተረቴን አርሼ ጨረስኩ፤ በሉ እናንተ ደግሞ ዳቦ አጉርሱ!