ከወንዙ ማዶና ከደጅ

አንድ ሰው ነበረ። በቆላ አገር የሚኖር፣ አሥራ አንድ ከብትና አንዲት ሚስት የነበረው ገበሬ ነው። በአንድ ማለዳ ከሁለቱ ትልቁን ሀብቱን ሊያጣ ምንም አልቀረውም ነበር። ልጄ ይርዳው፣ ጥያቄህን የዘለልኩ እንዳይመስልህ። «አጎቴ፣ ሰው የሩቁን ነው ወይስ የቅርቡን ማየት ያለበት?» ብለኸኛል። የምትጠይቀኝም ሚስትህ ልትወልድ ወር ሲቀራት፣ ሱቅህን ዘግተህ ጠረፍ ድረስ ለንግድ ልትሄድ ተነሥተህ ነው። እንግዲህ ስማኝ።

አንበሳ የዚህን ሰው ጥጃ በላበት። ሰውየው ጠመንጃ ነበረውና ላዩ ላይ የሚገጠም ማነጣጠሪያ መነጽር ሊገዛለት ገበያ ወረደ። ነጋዴው ሦስት መነጽር አወጣለት። አንዱ ምንም አያጎላም፤ በቅርብ ለሚተኩስ ነው። አንዱ ቀለበቱ ሲዞር ከትንሽ ወደ ትልቅ ያጎላል። ሦስተኛው ሁልጊዜ አሥራ ሁለት እጥፍ ነው።

«ምን ያህል ርቀት ላይ ነው የምትተኩሰው?» አለው ነጋዴው።

«አውሬው ባለበት ነዋ!»

«አውሬ እኮ አንድ ቦታ አይቆምም ጌታዬ።»

ሰውየው አልሰማውም። በትልቁ መነጽር ሲያይ፣ ከሩቁ ተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲታከክ ታየው። ወዲያው ሁለት ጊደር ሸጦ ገዛው።

በዚያ አገር ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትከለክላለች። ስለዚህ አላቢዋ የጥጃውን ቆዳ ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ ትቀርባታለች፤ ላሟም ቆዳውን እየላሰች ትታለባለች። የሰውየው ሚስትም እንዲሁ ታደርግ ነበር። የጥጃው ቆዳ ደግሞ መልኩ እንደ አንበሳ ቡላ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ በረቱ ተንኮሻኮሸ። ሰውየው ጠመንጃውን አንሥቶ ከደጃፉ አነጣጠረ። መነጽሩ ውስጥ ቡላ ጠጉር ብቻ ሞላ። ራስ የለው፣ እግር የለው። አፈሙዙን ወደ ጎን ቢያዞር ያው ጠጉር ነው። ጣቱን ቃታው ላይ አደረገ።

«አይዞሽ የኔ እናት፤ እስቲ ስጪኝ» የሚል ድምፅ ሰማ።

ዓይኑ ያላወቃትን ጆሮው አወቃት። ዓይኑን ከመነጽሩ ቢነቅል፣ ሚስቱ ቆዳውን አንግታ ላሟ ሥር ቁጢጥ ብላለች። ጠመንጃውን መሬት አስቀመጠ። ሄዶም የሆነውን ነገራት።

«አንበሳው እንኳ ጥጃዋን ብቻ ነው የወሰደ፤ አንተ አላቢዋን ልትጨምር!» አለችው።

የዚያን ዕለት ወተት አልተሸጠም። ሰውየው ከጎረቤት ጎረቤት እየዞረ «ተመስገን በሉልኝ» እያለ ወተቱን በነጻ አጠጣ። ከዚያ ወደ ነጋዴው ተመለሰና አንድ ፍየል ጨምሮ ትልቁን መነጽር በባለ ቀለበቱ ለወጠ። ነጋዴው አልሳቀበትም። «ስትሄድ ቀለበቱ ትንሹ ላይ ይሁን። ሩቅ ያለ አውሬ ቀለበት ለማዞር ጊዜ ይሰጥሃል፤ ቅርብ ያለ አይሰጥህም» አለው።

ወሩ ሳይሞላ አንበሳው ከወንዙ ማዶ ተኝቶ ታየ። ሰውየው ቀስ ብሎ ቀለበቱን አዞረ፤ አውሬውን አቅርቦ አየውና ከፊቱ ያለውን ድንጋይ በጥይት ፈለጠበት። አንበሳው ሄደ፤ ወደዚያ መንደርም ዳግመኛ አልመጣ።

ይርዳው፣ የጠረፉ ንግድ ከወንዙ ማዶ የተኛ ነው፤ ቀለበቱን እስክታዞር ይጠብቅሃል። ሚስትህ ግን ደጅህ ላይ ናት። ዛሬ እሷን በአሥራ ሁለት እጥፍ መነጽር ብታያት ጠጉር ብቻ ነው የሚታይህ። መጀመሪያ ትውለድ፤ አራስነቷን ትጨርስ፤ ጠረፉን ያኔ አብረን እናየዋለን።

ሒሳቡን ከፈለግህ ይኸውልህ። የሰውየው ኪሳራ አንድ ጥጃ፣ ሁለት ጊደር፣ አንድ ፍየል። ትርፉ፣ ማለዳ ማለዳ «አይዞሽ የኔ እናት» የሚለው ድምፅ። እኔ ያልቆጠርኩት ነገር የለም፤ የዚህን ዋጋ ግን ደምሬ ጨርሼው አላውቅም።