ቅቤ በላሽ የተባለችው ቅል

ቀረብ በሉና ስሙ። ዕቃም እንስሳም አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ደጋ አገር ወይዘሮ ዳለቻ የምትባል ላም ነበረች።

ወይዘሮ ዳለቻ ጊደር ልጇን ልትድር ሦስት ቀን ቀራት። ሙሽራ አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ ሳይደረግላት ብትወጣ አማቾች ያማሉ። ስለዚህ እርጎዋን በቅል ሞላች፤ እንዲንጣትም ለአያ ዝንጀሮ ሰጠችው፤ ክንደ ብርቱ እሱ ነበርና። ቅል አሮጊት ናት። የአያትም የእናትም ሙሽርነት በእሷ ቅቤ አልፏል። ሀብቷ ይኸው መልካም ስሟ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አያ ዝንጀሮ ቸኮለ። ጎህ ሲቀድ ቅልን ደጅ አውጥቶ ይንጣት ጀመር። ደጅ ላይ ውርጭ ተቀምጦ ነበር፤ ውርጭም እጁን በቅል ጀርባ ላይ አሳረፈ። በሆዷ ያሉት የቅባት ጠብታዎች ደርቀው ጠጠር ሆኑ። ይገናኛሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይለያያሉ። አንዱ ሌላውን አትንካኝ ይለዋል። ናጠ፣ ናጠ፣ ናጠ። በመጨረሻ ቅቤው መውጣቱን ሊያይ ሰንበሌጥ በአንገቷ አስገብቶ ቢያወጣ፣ አንድም የቅቤ ፍሬ አልያዘም።

ወይዘሮ ዳለቻ ቅቤው የት ገባ ብላ ጠየቀች። ዝንጀሮ ክንዱን አሳየና ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ተናገረ።

“ይልቅ ሆዷን ተመልከቱት” አለ። “ይህን የሚያህል ሆድ ይዞ ማን ይታመናል?”

ጎረቤት ሳቀ። ቅል በገነች።

በሁለተኛው ቀን ዝንጀሮ ቅልን ያንኑ እርጎ እንደያዘች ከምድጃው ጥግ አስጠጋት። እሳት ደስ አለው። ለእኔ ተዉት፣ እኔ አፈጥነዋለሁ ብሎ ምላሱን ወደ እሷ ላከ። ጠብታዎቹ ቀለጡ። ይገናኛሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ ያመልጣሉ። ናጠ፣ ናጠ፣ ናጠ። ሰንበሌጡ ወዝ ብቻ ይዞ ወጣ።

አሁን የሳቀ የለም። ወይዘሮ ዳለቻ ጎረቤቱን ሰብስባ ፈረደች።

“አንቺ ሌባ፣ የልጄን ቅቤ በላሽ። ነገም ካልወጣ ለሁለት ተሰንጥቀሽ የዶሮ ውሃ መጠጫ ትሆኛለሽ።”

ዶሮዎቹ ከወዲሁ መጥተው ዙሪያዋን ቆሙ።

“እሜቴ” አለች ቅል፣ “ሁለት ቀን ሙሉ ስናጥ በረደሽ ወይ፣ ሞቀሽ ወይ ያለኝ የለም። ሌባ ለማለት ግን ሁሉም ደረሰ። ነገ እኔ ባልሁት ቦታ ያስቀምጡኝ። ከዚያ በኋላ ይሰንጥቁኝ።”

በሦስተኛው ቀን ቅል ደጃፉ ላይ አስቀምጡኝ፣ ፀሐይ ከፍ እስክትልም ጠብቁ አለች። ዝንጀሮ፣ ቅልም ቦታ መምረጥ ጀመረች ብሎ አጉረመረመ። ወይዘሮ ዳለቻ ግን ሠርጉ ስለ ደረሰባት እሺ አለች። እሳት ከቤት ውስጥ ተንጠራራ፤ አልደረሰባትም። ውርጭ ከደጅ ተሳበ፤ አልደረሰባትም። ጠብታዎቹ ለሰስ አሉ፤ ጠጠርም አልሆኑ፣ ውሃም አልሆኑ። ሁለቱ ሲገናኙ ተጣበቁ፤ የተጣበቁት ሦስተኛውን ያዙ። ናጠ፣ ናጠ፣ ገና ሳይደክመው በሆዷ ውስጥ ድብ ድብ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰንበሌጡም ቢጫ ፍሬ ለብሶ ወጣ።

ወዲያው እሳት፣ እኔ ባላሞቀው ኖሮ አለ። ውርጭ፣ እኔ ባላጠነክረው ኖሮ አለ። ዝንጀሮ የገዛ ክንዱን ሳመ። ወይዘሮ ዳለቻ ቅቤውን ልታወጣ ስትጠጋ ቅል የአፏን ውታፍ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

“ለምስጋናው ሦስት ሆናችሁ፤ ለጥፋቱ ግን ብቻዬን ነበርሁ” አለች። “እሜቴ፣ ሌባ ያሉኝ በጎረቤት ፊት ነው። አልበላሽም ይበሉኝና ልከፈት።”

ወይዘሮ ዳለቻ አፈረች። አንገቷን ደፍታ፣ አልበላሽም ብላ አንሾካሾከች።

“ዶሮዎቹ አልሰሙም” አለች ቅል።

ሙሽራይቱ ለብሳ ቆማለች፤ አማቾችም ከዳገቱ ላይ ብቅ ብለዋል። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዳለቻ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ፣ ቅል አልበላችም ብላ ጮኸች። ዶሮዎቹም ተበተኑ፤ ውታፉም ተከፈተ።

የአባቶች ምክር ይህ ነው፦ ውርጭ ያለያየውን፣ እሳት ያቀለጠውን፣ ቅል በላችው አትበሉ።